መንገዱ የማንን ስህተት ያልፋል?

(ይህ ለአርክቴክቸርና ለከተማ ፕላን ተማሪዎች በአንድ ምሽት ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ነካ ነካ አድርጌዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ጨምሬያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ መንገድ ዲዛይን ፍልስፍና ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። ፍልስፍና ሲባል ሰው ይደነግጣል። እኔ ግን የምጀምረው ከአስፋልት ጥግ ነው። ከመታጠፊያ።

አንድ መስቀለኛ መንገድ አስቡ። ከርብስቶን የምንለው የጠርዝ ድንጋይ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ይዞራል። የሚዞርበት ቅስት በራዲየስ ይለካል። 3 ወይም 4 ሜትር ሊሆን ይችላል። 15 ሜትርም ሊሆን ይችላል። ወረቀት ላይ ስታዩት ልዩነቱ የአንድ ጭረት ነው። ቢሮ ውስጥ ማንም አይጨቃጨቅበትም። ማኑዋሉ ያለውን ቁጥር ወስደን እናስገባለን፣ አለቀ።

መንገድ ላይ ግን ሌላ ነው። ራዲየሱ 3 ሜትር ከሆነ ሚኒባሱ ፍሬን ይይዛል፣ ማርሽ ይቀንሳል፣ ሹፌሩ አንገቱን አዙሮ ያያል፣ ቀስ ብሎ ይታጠፋል። 15 ሜትር ከሆነ ወያላው በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ «ቦሌ ቦሌ» እያለ፣ ሸው ብሎ ያልፋል። በዚያ ላይ ዜብራው ይረዝማል። ቅስቱ በሰፋ ቁጥር የጠርዙ ድንጋይ ወደ ኋላ ይሸሻል። ልጇን በእጇ ይዛ የምትሻገር እናት አስፋልት ላይ የምትቆይበት ርቀት በሜትሮች ይጨምራል። መኪናው ፈጠነ፣ መሻገሪያውም ረዘመ። ሁለቱም በአንድ የእርሳስ ጭረት።

15 ሜትሩን የመረጠው መሐንዲስ ክፉ ሰው አይደለም። ለአውቶቡሱና ለጭነት መኪናው አስቦ ነው። ሹፌሩ መሪውን ትንሽ አሳልፎ ቢያዞር እንኳ ጠርዝ ላይ እንዳይወጣ ብሎ ነው። ለስህተት ቦታ ትቷል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ዛሬ የማወራው ሁሉ እሷው ላይ ነው። ሰው ይሳሳታል። ሹፌርም ይሳሳታል፣ እግረኛም ይሳሳታል፣ ልጅማ ሥራው መሳሳት ነው። መንገዱ የማንን ስህተት ያልፋል? የማንንስ ያስከፍላል? በመንገድ ዲዛይን ታሪክ ውስጥ ያሉ የሐሳብ ጎራዎችን የሚለያያቸው፣ እንደኔ እንደኔ፣ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ነው።

በ1956 አሜሪካ አገር አቋራጭ ፈጣን መንገዶቿን የምትገነባበትን ሕግ አወጣች። በሚቀጥሉት ዓመታት መሐንዲሶቹ አንድ ነገር አስተዋሉ። ከመንገድ የሚወጣ መኪና ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ መትቶ ሰው ይሞታል። መፍትሔው ግልጽ ነበር። ዛፉን ቁረጥ፣ ምሰሶውን አርቅ፣ የመኪናውን ረድፍ አስፋ፣ ኩርባውን አለዝብ። ሹፌሩ ቢያንቀላፋ ወይም ቢዘናጋ መንገዱ ይቅር እንዲለው። «ይቅር ባይ መንገድ» ይሉታል። በፈጣን መንገድ ላይ ይህ ትክክል ነው። ሰው አትርፏል። አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ስትነዱ እናንተም የምትፈልጉት ይህንኑ ነው።

ችግሩ የመጣው ያው ማኑዋል ከተማ ሲገባ ነው። 3 ሜትር ከ65 የሆነ ሰፊ ረድፍ፣ ዛፍ የሌለበት ዳር፣ ረጅም ዕይታ። ሹፌር ደግሞ ምልክት አንብቦ አይነዳም። የሚነዳው መንገዱ እንደነገረው ነው። «40» የሚል ታፔላ ትተክላለህ፤ መንገዱ ግን «80 ንዳ» ይለዋል። ሹፌሩ መንገዱን ይሰማል። የተተወለትን የመሳሳቻ ቦታ በፍጥነት ይበላዋል። ከዚያ ትራፊክ ፖሊስ እናቆማለን፣ ራዳር እንገዛለን፣ በሬዲዮ እንመክራለን። መንገዱ ራሱ ቀን ከሌት የሚሰብከውን ስብከት በሳምንት አንድ ቀን ልናፈርስ እንሞክራለን።

ትንሽ ስሌት ልጨምር፤ መሐንዲስ ነኝና ይቅር በሉኝ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 30 ከሚሄደው አራት እጥፍ ጉልበት አለው። ሁለት እጥፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደረቅ አስፋልት ላይ በ30 የሚነዳ ሹፌር ልጅ ከፊቱ ቢሮጥበት፣ አንድ ሴኮንድ ለመደንገጫ ሰጥተነው፣ በ13 ሜትር ውስጥ ይቆማል። በ60 የሚነዳው በዚያች አንዲት ሴኮንድ ብቻ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ልጁ 13 ሜትር ላይ ከነበረ የመጀመሪያው ሹፌር ደንግጦ ይሰድበዋል። ሁለተኛው ፍሬን ሳይረግጥ ይደርስበታል። ሁለቱም ሹፌሮች ጎበዝ ናቸው፣ ሁለቱም አልጠጡም።

እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መለየት ነው። መኪናውን በአንድ በኩል፣ ሰውን በሌላ በኩል። አርክቴክቱ ሌ ኮርቡዚዬ ይህን ሐሳብ እስከ ጫፍ የወሰደው ሰው ነው። ከድንጋይና ከሱቅ መሃል የሚተላለፈውን የድሮ ጎዳና ይጠላው ነበር። መኪናው በራሱ ከፍ ያለ መንገድ ይብረር፣ ሰው በሣር መሃል ይራመድ፣ ቤቱ ሰማይ ጠቀስ ይሁን ይል ነበር። ይህ ሰው ከእኛ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉ። በ1936 ጣሊያን አዲስ አበባ እንደገባች ለሙሶሊኒ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ከተማዋን እኔ ልንደፍልህ ብሎ። ንድፉም አለ። ከሰሜን ወደ ደቡብ ቀጥ ያለ ትልቅ መንገድ ከተማዋን ሰንጥቆ ይወርዳል። የነበረውን ከተማ ያየው አይመስልም። ኮረብታውንም፣ ወንዙንም፣ ሰፈሩንም።

የነበረው ከተማ ምን ነበር? አዲስ አበባ ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የበቀለችው ከቤተ መንግሥቱና ከመኳንንቱ ሰፈሮች ዙሪያ ነው። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር። በመሃላቸው ወንዝና ገደል አለ። መንገዱ በቅሎ በቀላሉ የሚወጣበትን ተረተር ይዞ የተጠማዘዘ ነው። ዛሬም ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ «ይህ መንገድ ለምን እንዲህ ይዞራል?» ብላችሁ ስትማረሩ የበቅሎ አመል መሆኑን አስታውሱ። ሙሶሊኒ ለኮርቡዚዬ ሥራውን አልሰጠውም። ለጣሊያኖቹ ፕላነሮች፣ ለጊዲና ለቫሌ ሰጠ። የእነሱ ፕላን ደግሞ መለየትን በሌላ መልኩ ነው የተረጎመው፤ ነጩን ከጥቁሩ። ገበያውን ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ አጠገብ አንስተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት። መርካቶ እዚያው ቀረ። ከነጻነት በኋላ በ1956 እንግሊዛዊው አበርክሮምቢ ቀለበትና ጨረር ያለው ፕላን አመጣ። በ1965 ፈረንሳዊው ደ ማሪየን ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ያለውን የቸርችል ጎዳና መስመር አጠናከረ። የፈረንጅ ፕላን ስንወድ አንድ ነን።

የመለየት ሐሳብ በደንብ የደረሰልን ግን በቀለበት መንገድ ነው። በዘጠናዎቹ መጨረሻና በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ የቻይና ድርጅት ገነባው። መኪናው በመሃል ይፈስሳል። ግራና ቀኝ የብረት አጥር ወይም የኮንክሪት ግድግዳ አለ። ሰው የሚሻገረው በድልድይ ነው። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው፤ እግረኛና መኪና ካልተገናኙ አይጋጩም።

አሁን ድልድዩን በቅርብ እንየው። አንድ የቀን ሠራተኛ ከሥራ ወጥቷል። ከመንገዱ ማዶ ፌርማታው ይታየዋል። ቀጥታ ቢሄድ ደቂቃ አይፈጅም። ድልድዩ ግን ወደ ላይ ሦስት መቶ ሜትር ሄዶ ነው ያለው። ይሄዳል፣ ከሁለት ፎቅ የማያንስ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ሦስት መቶ ሜትሩን ይመለሳል። ሴትየዋ ሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ ተሸክማለች። አንዱ ክራንች ይዟል። አንዱ በጎችን እየነዳ ነው። በግ ደግሞ ደረጃ ወጥቶ ድልድይ ይሻገር? እናም ሰዉ አጥሩ የተሰበረበትን ቦታ ያውቃል። በዚያ ሾልኮ፣ ልብሱን ሰብስቦ፣ እየሮጠ ይሻገራል። ሲገጨው ደግሞ ዜናው «እግረኛው ባልተፈቀደ ቦታ ሲያቋርጥ» ይላል።

ስህተቱን ማን ሠራ? እኔ ሰውየውን ለመውቀስ አፌ አይሞላም። መንገዱ ሹፌሩን ሁሉንም ይቅር ብሎታል፤ ሰፊ ረድፍ፣ መሃል አካፋይ፣ የማያቆም ጉዞ። እግረኛውን ግን ሰነፍ ሆነሃል ብሎ በሞት ይቀጣዋል። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ትልቁ ድርሻ በእግር ነው። በትራፊክ አደጋ ከሚሞተው ሰው ውስጥም የሚበዛው እግረኛ ነው። ቀላል ባቡሩ በ2015 ሥራ ሲጀምር ይኸው ታሪክ ተደገመ። ባቡሩ መሬት ለመሬት በሚሄድበት ቦታ አጥሩ መንገዱን ለሁለት ከፈለው። ማዶ ለማዶ ሰላም የሚባባሉ ጎረቤቶች ሩቅ አገር ሆኑ። ባቡሩን አልቃወምም፤ ከተማዋ የሚያስፈልጋት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጭን ነገር ነው። አጥሩን ሲያጥሩ ግን እግረኛውን የጠየቀ አልነበረም።

በኒውዮርክ ይህ ክርክር ፊት ለፊት ተካሂዷል። ሮበርት ሞዝስ የሚባል ባለሥልጣን ነበር፤ ሳይመረጥ ለአሥርት ዓመታት ከተማዋን በድልድይና በፈጣን መንገድ የሞላ ሰው። ብሮንክስን ሰንጥቆ ያለፈው መንገዱ የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ዛሬም ይወራል። ቀጥሎ በማንሃታን ደቡብ አሥር ረድፍ ያለው ፈጣን መንገድ ሊያሳልፍ ተነሳ። ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ቤተሰብ ሊያስነሳ። ጄን ጄኮብስ ተቃወመችው። መሐንዲስ አይደለችም፣ አርክቴክት አይደለችም። ሃድሰን ጎዳና ላይ የምትኖር ጋዜጠኛና እናት ነበረች። በ1968 በስብሰባ ላይ ሰው አስነስታ በፖሊስ ተይዛለች። በ1969 ፕሮጀክቱ ተሰረዘ።

የሚገርመኝ ድሏ ሳይሆን ያየችው ነገር ነው። ከመስኮቷ ሆና መንገዷን ታያለች። ባለሱቁ በሩ ላይ ቆሟል። አሮጊቷ መስኮት ላይ ናት። ልጆች የእግረኛ መንገዱ ላይ ይጫወታሉ። መንገዱን የሚጠብቁት እነዚህ ዓይኖች ናቸው አለች፤ ፖሊስ ሁለተኛ ነው። ለሞዝስ መንገድ ቧንቧ ነው፤ ብዙ ካላሳለፈ ተደፍኗል። ለጄኮብስ መንገድ ሰው የሚቆይበት ቦታ ነው፤ ማለፍ አንዱ ሥራው ብቻ ነው። ይህን ለመረዳት ለእኛ ኒውዮርክ መሄድ አያስፈልገንም። የጉሊቷ ሴትዮ ጥግ ላይ ተቀምጣ ማን ገባ ማን ወጣ ታውቃለች። ሊስትሮው የማን ልጅ ከማን ጋር እንደሚሄድ ያውቃል። አንዳንዴ ከሚገባውም በላይ ያውቃል።

ሆላንዶች ወደዚህ የመጡት በሐዘን በኩል ነው። ዛሬ የሳይክል አገር ስንላቸው ከጥንት ጀምሮ እንዲህ የነበሩ ይመስለናል። በ1971 በትራፊክ አደጋ ወደ 3,300 ሰው ሞተባቸው። ከመካከላቸው ከ400 በላይ ሕፃናት ነበሩ። ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ አንድ ጋዜጠኛ በጋዜጣ ጻፈ፤ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል ንቅናቄ ተነሳ። ወላጆች መንገድ ዘጉ፣ አስፋልት ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ምሳ በሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ዴልፍት ከተማ ውስጥ አዲስ ነገር ተጀምሮ ነበር። ነዋሪዎች ንጣፉን ነቅለው መኪናው እየተጠማዘዘ እንዲያልፍ አደረጉ። አበባ፣ ወንበር፣ ዛፍ መሃል መንገድ ላይ። ልጅ ይጫወታል፤ መኪናም ይገባል፣ ግን በእንግድነት። «ቮነርፍ» ይሉታል። በ1976 ሕጋዊ ሆነ። ስሌቱ ተገለበጠ። ልጁ ይሳሳት፤ መኪናው ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ስህተቱ አይገድለውም።

በነገራችን ላይ የዚህ ሐሳብ አንዱ ምንጭ በ1963 የወጣው የእንግሊዙ የቡካናን ሪፖርት ነው። ያንኑ ሪፖርት እንግሊዞች ራሳቸው ይበልጥ ያነበቡት ለፈጣን መንገድና ለእግረኛ ድልድይ ነው። ኒክ ደ ቡር የሚባል ሆላንዳዊ ፕላነር ደግሞ የመኖሪያ ሰፈሩን ክፍል አነበበ። ሰው ከመጽሐፍ የሚወስደው የፈለገውን ነው።

ከሆላንድ ሳንወጣ ሃንስ ሞንደርማንን ላስተዋውቃችሁ። ፍሪስላንድ በምትባለው ክፍለ ሀገር የትራፊክ ደኅንነት ኃላፊ ነበር። በ2008 ነው ያረፈው። ይህ ሰው ምልክት ጠላ። መብራት፣ ታፔላ፣ የጠርዝ ድንጋይ፣ የተሰመረ ቀለም፣ ሁሉንም አንሱ አለ። ድራክተን ከተማ ውስጥ ላዋይፕላይን የሚባል በቀን 22,000 ያህል መኪና የሚያልፍበት መስቀለኛ መንገድ ነበር። መብራቱን አስነስቶ አደባባይ አደረገው፤ እግረኛም፣ ሳይክልም፣ መኪናም በዓይን እየተያዩ የሚያልፉበት። ጋዜጠኛ ሲመጣበት ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ወደ አደባባዩ ይገባ ነበር። መኪኖቹ ዞረውት ያልፋሉ። አመክንዮው ይህ ነው፤ መብራት አረንጓዴ ሲሆን ሹፌር ማሰብ ያቆማል። እርግጠኛ ካልሆነ ግን ቀስ ይላል፣ ያያል።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ አበሻ ሁሉ ይስቃል። «ይሄማ እኛ ጋ አለ! መብራትም የለም፣ ምልክትም የለም፣ ሁሉም ይጋፋል።» እውነት ነው፣ ያስቃል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ላዋይፕላይን ላይ መኪናው የሚገባው ቀድሞውኑ ፍጥነቱን ቀንሶ ነው፤ ንጣፉ፣ ጥበቱ፣ ክቡ ዲዛይን አስቀንሶታል። እኛ ጋ መብራቱ ጠፍቷል፤ መንገዱ ግን ለ70 የተሠራ ነው። ያለ ምልክት መኖር በፍጥነት ላይ ሲደረብ ጉልበተኛው ይነግሣል።

የሞንደርማን ሐሳብ ራሱ ቀዳዳ አለው፤ እኔ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። በዓይን መተያየት ዓይን ላለው ነው። በለንደን ኤግዚቢሽን ሮድ በ2011 አካባቢ በዚህ መንፈስ ሲሠራ፣ የጠርዝ ድንጋዩ ሲነሳ፣ የዓይነ ስውራን ማኅበራት ጮኹ። ዓይነ ስውር በዱላው የሚያነበው ያንን ጠርዝ ነው። ጠርዙ ከሌለ የት ጋ መኪና እንደሚጀምር አያውቅም። በ2018 የእንግሊዝ መንግሥት እንዲህ ያሉ አዳዲስ ጠርዝ አልባ ጎዳናዎች ሥራ ለጊዜው እንዲቆም ጠየቀ። ነጻነት የሚባለው ነገር አንዳንዴ ጤነኛውን ብቻ አስቦ ነው የሚነደፈው።

ስዊድኖች ነገሩን ከሌላ ጫፍ ያዙት። በ1997 ፓርላማቸው በመንገድ ላይ ሞትም ሆነ ከባድ ጉዳት ዜሮ ይሁን ብሎ ወሰነ። ምኞት ይመስላል። ውስጡ ግን ጠንካራ መርህ አለው። ለደኅንነቱ የመጨረሻው ኃላፊነት የመንገዱ ባለቤትና የነዳፊው ነው። ሰው ይሳሳታል፤ ይህን ታውቃላችሁ፤ እያወቃችሁ ስህተቱ እስከ ሞት የሚያደርስ መንገድ ከሠራችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ስለዚህ የሰው አካል ከሚችለው ነው የሚጀምሩት። እግረኛና መኪና የሚገናኙበት ቦታ ከ30 አይበልጥም። 30 የማይቻል ከሆነ ይለያሉ። በገጠር መንገድ ፊት ለፊት መኪና ከመኪና እንዳይላተም በመሃል የሽቦ ገመድ ዘረጉ። ሦስት ረድፍ መንገድ ነው፤ ሁለቱ ተራ በተራ ለአንዱና ለሌላው አቅጣጫ ይሰጣሉ። ጽድት ያለ ርካሽ ሥራ።

ይቅር ባይ የሚለው ቃል እዚህም አለ። አሜሪካኖቹ ሹፌሩን ይቅር አሉ። ስዊድኖቹ ሁሉንም ይቅር ለማለት ነው የሞከሩት። ዋጋው ፍጥነት ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም።

አሁን ወደ ቤታችን። አዲስ አበባ ውስጥ ቮነርፍ አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? አለ። የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን መንገዶቻችን ናቸው። ማንም እንዲያ ብሎ አልነደፋቸውም። ለጭቃውና ለሥራ ዕድሉ ተብሎ ነው የተነጠፉት። ድንጋዩ ስለሚያንገጫግጭ መኪና አይሮጥበትም። ልጆች ድንጋይ ጎል አድርገው ኳስ ይጫወታሉ፤ መኪና ሲመጣ «መኪና!» ብሎ አንዱ ይጮሃል፣ ጎሉ ይነሳል፣ መኪናው ያልፋል፣ ጎሉ ይመለሳል። በርበሬ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን መሃል መንገድ ላይ ይተከላል። ሦስት ቀን መንገዱ ዝግ ነው። የመጣ ሹፌር ድንኳኑን ያያል፣ ሬዲዮውን ይቀንሳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ክላክስ የሚያደርግ አይቼ አላውቅም። ሆላንዶቹ በሕግ ያወጡትን እኛ በይሉኝታ ይዘነዋል። ታዲያ ያንኑ ሹፌር ዋናው አስፋልት ላይ ስታገኙት ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከጎማው ሥር ያለው ነገር ነው።

የኮሪደር ልማቱን ሳላነሳ ብወርድ እንደማትለቁኝ አውቃለሁ። ከ2024 ጀምሮ ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ ቦሌን ያያችሁ ለውጡን ታውቁታላችሁ። እኔ የእግረኛ መንገዱን ስፋት አይቼ ደስ ብሎኛል። ለዓመታት ክፍት ቱቦ እየዘለልን፣ በቆመ መኪና መሃል እየተሹለከለክን የሄድን ሰዎች ነን። አሁን አሮጊት እናቴን ይዤ ጎን ለጎን እሄዳለሁ። የሳይክል መስመር ተሰምሯል። መብራት አለ። ይህን አቃልሎ የሚናገር ሰው በእግሩ የማይሄድ ሰው ነው።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንዱን ጄኮብስ ትነግራችኋለች። ዶሮ ማነቂያን የመሰለ ሰፈር ሲነሳ ሕንፃ ብቻ አይደለም የሚነሳው፤ መንገዱን የሚያዩት ዓይኖችም አብረው ይሄዳሉ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ለሚያልፍ ሰው ተመችቷል። ለሚቆይ ሰው ግን ያን ያህል አይደለም። ጀበና ቡናዋ የት ትቀመጥ? በቆሎ ጠባሿስ? ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቦታ ከሰፊው ንጣፍ ላይ ነድፎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ውኃና ጥላ አዘጋጅቶ ማከራየት ይቻል ነበር። አሁንም ይቻላል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ያ መታጠፊያ ነው። የእግረኛ መንገዱን አስፍተን የመኪናውን መንገድ ግን ለስላሳና ፈጣን አድርገን ካስቀረነው፣ እግረኛው እስከ ጥግ ድረስ በምቾት ይሄድና ጥጉ ላይ ሲደርስ ልቡ ይመታል። ውድ ድንጋይ የነጠፍንለትን ሰው በ15 ሜትር ራዲየስ አናስፈራራው። አንዳንድ ቦታ መታጠፊያው ጠቧል፣ አይቻለሁ። ሌላው ቦታ እንደድሮው ነው። ይህ የበጀት ጉዳይ አይደለም። ጠባብ ጥግ ከሰፊው ያነሰ አስፋልት ነው የሚበላው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ እንቀበል።

«እነዚህ ሁሉ የሀብታም አገር ምሳሌዎች ናቸው። እኛ በምን አቅማችን?» ብሎ አንድ ወንድማችን ጠየቀ።

ሽቦ ገመዱን አትይ። ቀለሙን እይ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ መኪና የማይጠቀምበት ትርፍ አስፋልት በቀለምና በድንጋይ ተለይቶ ለእግረኛ ተሰጥቶ ነበር። መታጠፊያው ጠበበ፣ መሻገሪያው አጠረ። ይህን ያህል ኮንክሪት አልፈለገም። የቀለም ጥሩነቱ ካልሠራ ትቀባዋለህ። የኮንክሪት ድልድይ ግን ካልሠራም ሃምሳ ዓመት ይቆምብሃል። ደግሞ ድሃ አገር ነው ተሳስቶ መክፈል የማይችለው። የቤቱ አስተዳዳሪ መንገድ ላይ ሲቀር ያንን ቤተሰብ የሚደግፍ ነገር የለንም።

አንዲት ተማሪ ደግሞ «የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ ይህ ነገር አይለወጥም ወይ? ከኤሌክትሪክ ውጭ መኪና ማስገባት ከተከለከለ በኋላ መንገዱ ላይ በርክተዋል» አለች።

ጭሱ ይቀንሳል፤ ትልቅ ነገር ነው። ለመሻገር ግን መኪና መኪና ነው። እንዲያውም ባትሪው ስለሚከብድ ይከብዳል፣ ቶሎ ፍጥነት ያነሳል፣ ድምፁም አይሰማም። በጆሮው የሚሻገር ሰው አለ። ስለዚህ እኔ ከመኪናው ዓይነት ይልቅ አሁንም ስለ መሻገሪያው ነው የምጨነቀው። አንድ ስሌት ልስጥሽ። 24 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ አለ እንበል። የመብራት ጊዜ ሲሰላ እግረኛ በሴኮንድ 1 ነጥብ 2 ሜትር ይሄዳል ይባላል። 20 ሴኮንድ ይበቃዋል። ጉልበቷን የሚያማት እናት ግን በሴኮንድ 80 ሴንቲ ሜትር ነው የምትሄደው። 30 ሴኮንድ ትፈልጋለች። በሃያኛው ሴኮንድ ላይ 16 ሜትር ሄዳለች፤ መብራቱ ይቀየራል፣ እሷ ገና 8 ሜትር ይቀራታል፣ ሁሉም ይጮህባታል። መሃል ላይ 2 ሜትር የምትሆን መቆሚያ ደሴት ከሠራሽላት ግን መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። 11 ሜትር ትሄዳለች፣ በ14 ሴኮንድ ትደርሳለች፣ ቆማ ታርፋለች፣ ቀጣዩን መብራት ትጠብቃለች። ዲዛይናችሁን ስታቀርቡ ከመኪና ብዛቱ ሠንጠረዥ አጠገብ ይህችን ስሌት አስገቡልኝ። ግማሽ ገጽ አትፈጅም።